ለአንድ የሜይንፍሬም ጥያቄ እስከ ደብረ ወርቅ

ከጎጃም ከተመለስኩ ሁለት ሳምንት ሊሞላኝ ነው፤ ጫማዬ ግን ገና አልደረቀም። በረንዳ ላይ ተሰጥቶ ባየሁት ቁጥር ሳቄ ይመጣል። ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ ሰው በነሐሴ ጎጃም ሲገባ ምን እንደሚደርስበት ማወቅ ለምትፈልጉ፣ እግራችሁን ግን ከቤት ለማንሳት ለማታስቡ፣ የሄድኩበትን ከነምክንያቱ ላውጋችሁ።

ምክንያቱ አንድ የፈተና ጥያቄ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ ኦፕሬቲንግ ሲስተም አስተምራለሁ። ኦፕሬቲንግ ሲስተም ማለት ኮምፒውተሩን ከሥር ሆኖ የሚያስተዳድረው፣ ሌሎቹ ፕሮግራሞች ሁሉ ፈቃድ የሚጠይቁት ዋናው ፕሮግራም ነው። ከምዕራፎቹ አንዱ ስለ ሜይንፍሬም ይናገራል። ሜይንፍሬም ትልልቅ ባንኮችና አየር መንገዶች የሚጠቀሙበት፣ የብዙ ሺህ ሰው ጉዳይ በአንዴ የሚያስተናግድ ግዙፍ ኮምፒውተር ነው። እውነቱን ልናገርና እኔ ራሴ ሜይንፍሬም በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ከእኔ በፊት ከነበረው መምህር የወረስኩት ጽሑፍ አለኝ። ጽሑፉ "በዛሬ ሜይንፍሬም ላይ የሚሠራው ዜድ ኦኤስ ብቻ ነው" ይላል፤ እኔም ብቻ ነው እላለሁ።

በሰኔው ፈተና "በዛሬ ሜይንፍሬም ላይ ምን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይሠራል? አብራሩ" ብዬ ጠየቅሁ። ክፍሉ በሙሉ የእኔኑ ጽሑፍ ገልብጦ መለሰልኝ፤ ለሁሉም አሥር ከአሥር ሰጠሁ። አንዲት ተማሪ ብቻ አምስት ስም ጻፈች፦ ዜድ ኦኤስ፣ ዜድ ቪኤም፣ ዜድ ቪኤስኢ፣ ዜድ ቲፒኤፍ እና ሊኑክስ። ሊኑክስ ላይ ስደርስ ሳቅሁ። ሊኑክስ እኮ በእኔ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ያለ፣ ማንም በነፃ የሚያወርደው ነገር ነው። በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩና ዳር ላይ "ሊኑክስ ለግል ኮምፒውተር ነው!" ብዬ ጻፍኩ፤ ቃለ አጋኖዋም አልቀረችም። ሁለት ከአሥር። ድምሯ አርባ አራት ሆነ፤ ማለፊያው ሃምሳ ነው። ጓደኞቿ ጋውን ለብሰው ሲመረቁ እሷ ቀረች።

ነሐሴ ሲገባ፣ አንድ ዓርብ፣ ለመጪው ዓመት ጽሑፉን ላድሰው ብዬ የማሽኑን አምራች አዲስ መመሪያ ገለጥኩ። አምስቱም ተደርድረው ተቀምጠዋል። ሊኑክስ ሜይንፍሬም ላይ መሥራት ከጀመረ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። የልጅቱን ወረቀት ከመሳቢያ አውጥቼ ሳየው አምስቱም ያሉት በዚያው ቅደም ተከተል ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሬጅስትራራችን ዘንድ ሮጥኩ። ሬጅስትራሩ ቃል የማያባክኑ፣ የተከራከራቸውን ሰው ፋይል አጥፈው የሚነሱ ሰው ናቸው። "ውጤት የሚታረመው ተማሪዋ በገዛ እጇ ጽፋ ስታመለክት ነው" አሉኝ። "በዋናው ቅጽ ላይ፤ በስልክ በፎቶ አልቀበልም። የመጨረሻው ቀን ዓርብ ስድስት ሰዓት ነው። ካለፈ ዓመቱን ትደግማለች።" ማኅተም የተመታበት ቅጽ ሰጡኝ፤ አንድ ብቻ።

ተማሪዋ ስመኝ ትባላለች። ስልኳ ዝግ ነው። ፋይሏ ላይ ያለው አድራሻ ደምበጫ፣ አትጠገብ የምትባል ታላቅ እህቷ ዘንድ ነው። እሑድን በሙሉ ስደውል ዋልኩ። ማታ ልብሴን ሸከፍኩ።

ሰኞ፦ ከሌሊቱ በአሥራ አንድ ሰዓት መናኸሪያ ደረስኩ። ተሳፋሪው ሁሉ እርስ በርሱ "መንገዱ ሰላም ነው?" ይባባላል፤ ሾፌሩ "እስካሁን ሰላም ነው" አለ፤ ሄድን። አጠገቤ ጋቢ የተከናነቡ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ሱሉልታን እንዳለፍን "ሥራዎ ምንድን ነው?" አሉኝ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ድሬዳዋ ውስጥ አባትህንም፣ ጎረቤትህንም፣ መምህርህንም "አንተ" ትላለህ፤ ማንም አይቀየምም። እኝህ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው እኔን "እርስዎ" አሉኝ። ኮምፒውተር አስተምራለሁ አልኳቸው።

"እንግዲያስ ይችን ስልክ ይዩልኝ፤ ድምጥ ነሳችኝ።"

ስልካቸው ድምፁ ተዘግቶ ነበር፤ ከፈትኩላቸው። ጎሐ ጽዮን እስክንደርስ መረቁኝ። "እውቀትዎን ያብዛልዎ፣ ከስተት ይጠብቅዎ" ሲሉኝ አሜን ለማለት አፈርኩ። ቦርሳዬ ውስጥ ያለውን ቅጽ በእጄ ዳበስኩት።

አባይ በረሃ ላይ ጭጋግ ነበር። መንገዱ እንደ ተፈታ ጥምጥም እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ እኔ ደግሞ ገደል አልወድም። ዓይኔን ጨፍኜ የወንበሩን ብረት ጨብጬ ወረድኩ። ሽማግሌው ጉልበቴን መታ መታ እያደረጉ "አይዞዎ፣ ቀረብን" ይሉኛል። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ግን ሙቀቱ ከተፍ አለ። ተሳፋሪው ሁሉ በኮፍያውና በነጠላው ራሱን ያራግባል፤ እኔ ጃኬቴን አውልቄ ሀገሬ የገባሁ ያህል ደስ አለኝ። ከአምስቱ ቀን ሙቀት ያገኘሁባት ያቺ ሩብ ሰዓት ብቻ ናት። ደጀን ላይ ስንወጣ ዝናቡ ተቀበለን።

ደብረ ማርቆስ በዘጠኝ ሰዓት ገባን። ባጃጇ እንደ ድሬዋ ባጃጅ ናት፤ ልዩነቱ እዚህ ከነጎኗ በላስቲክ ተሸፍናለች። ፔንሲዮን ያዝኩ። ባለቤቷ ወይዘሮ ዘነቡ ትባላለች፤ ስሟና አየሩ ገጥመዋል። ራቤ ጠንቶ ነበርና "እንቁላል ፍርፍር ይኖራል?" አልኳት። ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "አመመዎት እንዴ?" አለችኝ።

ፍልሰታ ገብቶ ነበር። እኔ በዚያ ፈተና ሐሳብ ጾሙን ረስቼዋለሁ። "ደህና ነኝ፣ ረስቼ ነው" ስላት እፎይ አለች፤ ከልቧ ነው ያዘነችልኝ። ሽሮና የድንች ወጥ በቃሪያ አቀረበችልኝ፤ የራሷን ጋቢም ትከሻዬ ላይ ጣለችልኝ። ድሬ ላይ ብርድ ልብስ የሚወጣው ለሰርግ ቤት እንግዳ ነው፤ እዚህ በጋቢ ላይ ብርድ ልብስ፣ በብርድ ልብስ ላይ ሌላ ብርድ ልብስ ደርቤም ጥርሴ ሲንገጫገጭ አደረ።

ማክሰኞ፦ ደምበጫ። ሚኒባሱ ከደብረ ማርቆስ ብዙም አልቆየም። የገበያ ቀን ነበር፤ ፈረሱ፣ ጋሪው፣ በጉ፣ ሰዉ መንገዱን ሞልቶታል። ባጃጅ ተሳፈርኩ፤ ገበያው አፋፍ ላይ ጭቃው ጎማዋን ዋጠው። ወርጄ ገፋሁ። ባጃጇ ስትወጣ እኔ ቀረሁ፤ አንዱ ጫማዬም ከጭቃው ውስጥ ቀረ። ጫማዬን ለመንቀል ስታገል አጠገቤ ያለፉ እናት "አይ የከተማ ሰው!" ብለው ዘንጋቸውን አቀበሉኝ። በዘንግ ቆፍረን አወጣነው። ባለባጃጁ ሌላ ሰው ጭኖ ሄደ።

አትጠገብ ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ ትሸጣለች፤ ሰው ጠይቄ አገኘኋት። የእህቷ መምህር መሆኔን ስነግራት ሚዛኗን አስቀመጠች።

"ምን አጠፋች?"

"እሷ አላጠፋችም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።"

መምህር አጠፋሁ ሲል ሰምታ የምታውቅ አልመሰለኝም። ነገሩን አስረዳኋት፤ ስመኝ የጻፈችው ትክክል እንደነበር፣ እኔ እንደሰረዝኩት፣ እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ካልፈረመች ዓመቱ እንደሚቃጠልባት። አትጠገብ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ የሽንኩርቱ ይሁን የእንባው እንጃ።

"እዚህ የለችም እኮ" አለችኝ። "ጓደኞቿ የምረቃ ፎቶ እየላኩባት ስልኳን ዘጋችውና ደብረ ወርቅ አባታችን ዘንድ ገባች። እንደገና እፈተናለሁ ብላ ስታጠና ነው የከረመችው።"

ደብረ ወርቅ! አቦ፣ ሰኞ ዕለት ደጀን ላይ ወደ ቀኝ ብታጠፍ ኖሮ ማታውኑ ልደርስ እችል ነበር። ካርታዬን ላወጣ ቦርሳዬን ስፈልግ ደግሞ ቦርሳዬ የለም። ባጃጇ ውስጥ ቀርቷል፤ ቅጹም እዚያው ውስጥ ነው። የአትጠገብ በርበሬ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ማኅተም ያለበት አንድ ቅጽ ብቻ ነው የነበረው።

አትጠገብ ጎረቤቶቿን ጠራች። በርበሬ ተራ ለሽንኩርት ተራ፣ ሽንኩርት ተራ ለበግ ተራ አስተላለፈ፤ ሁሉም "ጭቃ የለበሰ መምህር ቦርሳ ጠፋበት" እያለ። አንድ ሰዓት ያህል አለፈ። ከዚያ ባለባጃጁ በእግሩ መጣ፤ ጢሙ የሸበተ ጎልማሳ ሰው ነው። ቦርሳዬን ከዝናቡ ለማዳን የባጃጇን የጎን ላስቲክ ገንጥሎ ጠቅልሎታል። "ገበያውን ሦስቴ ዞርኩት" አለኝ። ልሰጠው ብር ባወጣ እጄን መለሰው። "ወረቀት መሰለኝ፤ ወረቀት ደግሞ ከብር ይከብዳል" አለና ወደ ሚኒባሱ ራሱ አደረሰኝ። አትጠገብ ለአባቷ ነጭ ሽንኩርት በፌስታል አስይዛኛለች። ማታ ደብረ ማርቆስ ስመለስ ወይዘሮ ዘነቡ ጫማዬን አጥባ ከምድጃዋ አጠገብ አቆመችልኝ፤ ለዛሬ ያህል ደረቀ።

ረቡዕ፦ ወደ ደጀን ተመለስኩ፤ ከዚያ በቢቸና በኩል ደብረ ወርቅ። ሁለት ጊዜ መኪና ቀየርኩ። ሜዳው እስከ ዓይን ጥግ አረንጓዴ ነው፤ ሰዉ በዝናብ ውስጥ ጎንበስ ብሎ አረም ያርማል። ድሬ ዙሪያ ይህን ያህል አረንጓዴ ነገር ያየሁት በሥዕል ነው። በሰባት ሰዓት ከተማዋ ስገባ ጭር ብላለች። ሱቁ ዝግ፣ ሻይ ቤቱ ዝግ። አንዲት በር ላይ የቆመች ሴት የስመኝን አባት ቤት ጠየቅሁ።

"መሪጌታ ጥሩነህን? ቅዳሴ ላይ ናቸው፤ ሰዉ ሁሉ እዚያው ነው። ዘጠኝ ሰዓት ይወጣሉ።"

"ልጃቸውስ?"

"እሷም ታስቀድሳለች። ደግሞ ማን ይቀራል?"

ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ አንድ ጽድ ሥር ተጠለልኩ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፤ ብፈልግም የሚሸጥ የለም። ልጅቱ ከግድግዳው ወዲያ ናት፤ እኔ ከወዲህ ቅጹን በባጃጁ ላስቲክ ጠቅልዬ ጃኬቴ ውስጥ ሸጉጬ ሰዓቴን አያለሁ። ሬጅስትራሩን አሰብኩ፤ መኪና ቢበላሽስ፣ መንገድ ቢዘጋስ አልኩ። ከውስጥ ዜማው ይሰማኛል፤ የሚቸኩል ሰው ያለበት አይመስልም። ሁለት ሰዓት ቆየሁ። ልቤ ቀስ በቀስ እንደነሱ መራመድ ጀመረ መሰለኝ፤ ቅዳሴው ሲያልቅ ጊዜው የፈራሁትን ያህል አልረዘመብኝም።

ስመኝ ከአባቷ ኋላ ስትወጣ አየችኝ። ደንግጣ ቆመች፤ ከዚያ "መምህር!" ብላ ከወገቧ እጅ ነሳች። መሪጌታ ጥሩነህ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ረጅም፣ መቋሚያ የያዙ፣ ፈገግታቸው ጢማቸው ውስጥ የሚደበቅ ሰው። "የልጄ መምህር እኔን ፍለጋ ከአዲስ አበባ?" አሉና ምንም ሳይጠይቁ በእግር መንገዱ ይዘውኝ ወረዱ። ቤታቸው ስንደርስ ጉዳዬን ልጀምር ስል "እህል ሳይቀመስ ነገር አይጀመርም" አሉኝ። ግን ዋናውን ቀድመው ያወቁት መሰላቸው።

"ስለ ፈተናው ነው አይደል? አይስጉ፤ ሌት ተቀን ይዛዋለች። ስመኝ፣ እህሉ እስኪቀርብ በይላቸው እስቲ።"

ስመኝ ቆማ፣ እጇን አጣምራ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ጀመረች። "በዛሬ ሜይንፍሬም ላይ የሚሠራው ዜድ ኦኤስ ብቻ ነው። ዜድ ኦኤስ ብዙ ሥራን በተራ ያስተናግዳል..." ያ የወረስኩት ጽሑፍ ነው፤ ከነነጠላ ሰረዙ በቃሏ ይዛዋለች። አንድ ቃል አልሳተችም። መጨረሻ ላይ "ሊኑክስ ለግል ኮምፒውተር ነው" ስትል፣ በቀይ የጻፍኩትን እንኳ አጥንታዋለች፣ እጄን አነሳሁ።

"በቃ፣ በቃ ስመኝ።"

መሪጌታ ደነገጡ። "ልክ አይደለም?"

"ቃል በቃል ልክ ነው፤ ቃሉ የእኔ ነው። ቃሌ ነው ስሕተት የነበረው። እሷ በሰኔ የጻፈችው ነበር ትክክሉ፤ እኔ ሰረዝኩባት።"

ከገደል ስወርድ ከተሰማኝ ፍርሃት ይበልጣል ይኼን መናገር፤ ተናግሬው ግን ደረቴ ቀለለኝ።

"ያችን ማሽን አይተዋታል?" አሉኝ መሪጌታ።

"አላየኋትም።"

"እኛም ያላየነውን ነው የምናስተምር" አሉ። "ስለዚህ ነው መጽሐፉን ቶሎ ቶሎ የምንገልጠው።"

ወደ ስመኝ ዞርኩ። "አምስቱን መጽሐፍ ላይ አይተሽ ነው የጻፍሽው። ታዲያ ወረቀቱን ስመልስ ለምን አልተናገርሽም?"

"ቆሜ ነበር እኮ፣ መምህር።"

አልገባኝም። አባቷ አስረዱኝ። በእሳቸው ጉባኤ ተማሪ መምህሩ የሳቱ ከመሰለው ተሳስተዋል ብሎ አፍ አያወጣም። ሌላው ሲቀመጥ እሱ አይቀመጥም፤ ሌላው ሲሄድ እሱ አይሄድም። መምህሩ ቆሞ ሲያዩት የተናገሩትን መልሰው ይመረምራሉ። "እኔንም ስንቴ አቁመውኛል" አሉና ሳቁ። ያኔ ትዝ አለኝ። ወረቀት በመለስኩ ቀን ስመኝ ወረቀቷን ይዛ ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥታ ቆማ ነበር። ክፍሉ ባዶ ሆነ፤ እሷ ቆማለች። እኔ ወረቀቷን ከእጇ ተቀብዬ መሳቢያዬ ውስጥ እየከተትኩ "ምን ትጠብቂያለሽ? ሂጂ፣ ሻይ ሰዓት ነው" ብያታለሁ። የድሬ ተማሪ ቢሆን ሸሚዜን ይዞ እስከ ታክሲ ድረስ ይከራከረኝ ነበር፤ እኔ የለመድኩት እሱን ነው። እየተነገረኝ አልሰማሁም። በጣም አፈርኩ።

ቅጹን አወጣሁ። ስሟን ጻፈች፣ ቁጥሯን ጻፈች። "የተፈጸመውን ስሕተት በዝርዝር ግለጽ/ጪ" የሚለው ላይ ስትደርስ እስክሪብቶውን አስቀመጠች።

"መምህሬ ተሳሳቱ ብዬ በእጄ አልጽፍም።"

"እኔ ራሴ እያልኩሽ!"

"እርስዎ ይበሉት። እኔ ግን አልችልም።"

ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ እንደገና ለመንኳት። መሪጌታ "ጊዜ ይስጧት፣ ይደሩበት" አሉኝ። ሚኒባሱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል፤ ባዶ ቅጽ ይዤ ልመለስ ነው። እህሉ ቀረበ፤ የባቄላ ሽሮና ጎመን በስናፍጭ። ስናፍጩ አፍንጫዬን ወጋኝና አስነጠሰኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም ሳቁ። የአትጠገብን ነጭ ሽንኩርት የቤቱ እመቤት ተቀብለው ደጋግመው አሸተቱት፤ ልጃቸውን ያገኙ ያህል።

መሪጌታ ነገሩን ማወቅ ፈለጉ። "እንግዲህ እውነቱን ይንገሩና እንማር" አሉ። አስረዳሁ። "በአንዱ ማሽን ላይ የሚሠሩት አምስት ናቸው" አልኩ። "ዋናው ዜድ ኦኤስ ነው፤ የባንኩን ከባድ ሥራ ሌሊትም ቀንም እሱ ይሸከማል። ዜድ ቪኤም ደግሞ ማሽኑን በብዙ ይከፋፍለዋል፤ በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ሌላ ሲስተም ይኖራል፤ ሁሉም ማሽኑ የብቻዬ ነው ብሎ ይሠራል።"

"እንደ ተማሪ ጎጆ ነዋ!" አሉ መሪጌታ። "ግቢው አንድ ነው። ሁሉም በየጎጆው የራሱን ቅኔ ይቀጽላል፤ አንዱ ያንዱን አይሰማም።"

እኔ በአሥር ዓመት ማስተማር እንዲህ አጥርቼ ተናግሬው አላውቅም። "እንደሱ ነው! ሊኑክስ በብዛት የሚኖረው እነዚያ ጎጆዎች ውስጥ ነው፤ አንዳንዴም ብቻውን። ዜድ ቪኤስኢ ደግሞ አነስ ላሉ ተቋማት የተሠራ ነው፤ አሁን ሌላ ድርጅት ተረክቦ ያስቀጥለዋል። እነዚህ ናቸው አምስቱ።" ስመኝ ማስታጠቢያውን እንደያዘች ግድግዳው አጠገብ ቆማለች። "ተቀመጪ እንጂ" አልኳት። አልተቀመጠችም። እንግዳ ማክበሯ ነው ብዬ እጄን ታጥቤ ተነሳሁ። መሪጌታ እሷን አይተው፣ እኔን አይተው፣ ጢማቸው ውስጥ ፈገግ አሉ።

ሐሙስ፦ መሪጌታ ሚኒባሱ ድረስ ሸኙኝ፤ የተቆላ ሽምብራ ኪሴን ሞልተውልኛል። ስመኝ የለችም። ቅጹ ማታ ከእሷ ዘንድ ነበር። ሞተሩ ተነሳ፤ ረዳቱ "ግቡ! ግቡ!" ይላል። አንድ እግሬ መሬት፣ አንድ እግሬ መኪናው ላይ ሆኖ መንገዱን አያለሁ። በመጨረሻ ሮጣ መጣች፤ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዷል። በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት እጄ ላይ አስቀመጠች፤ ያው የባጃጁ ላስቲክ ነው። ወዲያው አባቷ ኋላ ተሸሸገች። በሩ ተዘጋ።

መኪናው ከከተማ ሲወጣ ከፈትኩት። በሚያምር፣ ቀጥ ባለ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦

"መምህሩ ተሳስተዋል። የጻፍኳቸው አምስቱም ትክክል ናቸው። ትናንትም ቤታችን ሲያስረዱ አምስት ብለው አራት ነው የቆጠሩት፤ የአየር መንገድ ትኬት በፍጥነት የሚያስተናግደው ዜድ ቲፒኤፍ ቀርቷቸዋል። ቆሜ ነበር።"

ፊርማዋም አለ። ድምፄን አውጥቼ ሳቅሁ፤ ተሳፋሪው ዞሮ አየኝ። በሕይወቴ እንዲህ ደስ ብሎኝ ተሰድቤ አላውቅም። ላስቲኩ ውስጥ ሌላ ብጣሽ ወረቀትም ነበር፦ "መምህር፣ ዓርብ ጠዋት ስልኬን እከፍተዋለሁ።" ሽምብራዬን ለአጠገቤ ሰው ሁሉ አደልኩ። ደጀን ላይ የአዲስ አበባ መኪና አገኘሁ። አባይ በረሃን በተመለከተ የምነግራችሁ የለኝም፤ ቁልቁለቱንም ድልድዩንም ተኝቼ አለፍኩት። ጎሐ ጽዮን ላይ ረዳቱ ቀስቅሶ "ሻይ አይጠጡም?" አለኝ።

ዓርብ፦ ሦስት ሰዓት ላይ ሬጅስትራሩ ቢሮ ገባሁ። መነጽራቸውን አድርገው ቅጹን ከላይ እስከ ታች አነበቡ። "ትናንትም አራት ነው የቆጠሩት" የሚለው ላይ ቀና ብለው አዩኝ።

"ይኼ እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

የድሮውን ወረቀት ወስደው በእርሳስ ደመሩ። "ስምንት ይጨመራል። አርባ አንድና ስምንት፣ አርባ ዘጠኝ። አልደረሰችም።" ወረቀቱን ወደ እኔ ገፉት።

አርባ አንድ? የእኔ አራት ቁጥር በችኮላ ስጽፋት አንድ ትመስላለች፤ በገዛ እጄ ጽሕፈት ለሁለተኛ ጊዜ ልጥላት ነው። አፌ ሊከፈት ነበር፤ እንደ ድሬ ልጅ ልጮህ። ከተከራከርኳቸው ግን እኝህ ሰው ፋይሉን ያጥፉታል። ወረቀቱን አልወሰድኩም። እጄን አጣምሬ ቆምኩ።

"ጨርሰናል" አሉ። ቆምኩ። "ምን ትጠብቃለህ? ስብሰባ አለኝ።" ቆምኩ። ሬጅስትራሩ ተነፈሱ፣ መነጽራቸውን ጠረጉ፣ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት።

"ይች... አራት ናት እንዴ?"

በእርሳሳቸው ሰረዙና እንደገና ደመሩ። አርባ አራትና ስምንት፣ ሃምሳ ሁለት። ፈረሙ፤ ማኅተሙን መቱበት። ከዚያ በመገረም አዩኝና "አሁን ተቀመጥ፣ ሰውዬ" አሉኝ።

ተቀመጥኩ። ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ፤ አንዴ ጠርቶ ሳይጨርስ አነሳችው።